ቅጠሉ ሲቀላ ተራራ ላይ መንዳት፦ ጠይቁኝ

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለውን የተራራ መንገድ ስካይላይን ድራይቭንና ከእሱ የሚቀጥለውን ብሉ ሪጅ ፓርክዌይን ለዓመታት ተመላልሼባቸዋለሁ። ስለ እነሱ ጠይቁ። ስለ ሆቴል አትጠይቁኝ። ከመጀመራችን በፊት፦ ነዳጃችሁን ከታች ሞልታችሁ ውጡ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ጋሼ። ቅጠሉ የሚያምረው መቼ ነው?

መልስ፦ የት? ስንት ጫማ ከፍታ ላይ? "መቼ" ብቻ አይበቃም። ስካይላይን በሰሜን ጫፉ ካለችው ከተማ ከፍሮንት ሮያል ተነስቶ ስካይላንድ አካባቢ ከ3,600 ጫማ በላይ ይደርሳል። ቀለሙ ከላይ ይጀምርና ቀስ እያለ ቁልቁል ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ቀድማችሁ ከመጣችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከዘገያችሁ ታች ፈልጉት። በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ ላይ የረገፈ ታች ገና አረንጓዴ የሆነ ዛፍ ታያላችሁ።

ሾፌሯ፦ ጋሼ፣ ልጄ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ። የጸደይ ቅጠል ቀዩን ቀለም ከየት ያመጣዋል?

መልስ፦ እሰይ! ይሄን የሚጠይቅ ሰው ስጠብቅ ነበር። ቢጫው አዲስ አይደለም። በጋውን ሙሉ ቅጠሉ ውስጥ አለ፤ አረንጓዴው ክሎሮፊል ሸፍኖት ነው። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ክሎሮፊሉን መተካት ያቆማል፣ ያኔ ቢጫው ይወጣል። ቀዩ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንቶሲያኒን ይባላል፤ ዛፉ በዚያው ሰሞን ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር አዲስ የሚሠራው ነው። ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ግን ውርጭ ያልመታው ከሆነ ቀዩ እሳት ይመስላል። ሰሞኑን ደመና ከዋለ ቢጫው አይቀርም፣ ቀዩ ግን ይደበዝዛል።

ለልጅሽ ቀይ የሜፕል ቅጠል ፈልጊላት። ሌላ ቅጠል ጋርዶት የከረመ ካገኘሽ፣ የጋረደው ቅጠል ቅርጽ ቢጫ ሆኖ እንደ ማኅተም ታትሞበታል። ፀሐይ ያልነካው ቦታ አልቀላም ማለት ነው። ይሄን ያየ ልጅ አይረሳውም።

ቀይ የምትፈልጉ ሜፕልና ብላክ ገም ተከተሉ። ቱሊፕ ፖፕላርና ሂኮሪ ቢጫ ናቸው። ኦክ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ የዛገ ብረት ይመስላል። ሰው ይንቀዋል፤ እኔ እወደዋለሁ።

ሰዋስው፦ ይቅርታ፣ "ጸደይ" የተባለው መታረም አለበት። ወቅቱ መጸው ነው።

ሾፌሯ፦ እኛ መስከረም ጸደይ ነው ተብለን ነው ያደግነው!

ሰዋስው፦ ተሳስተው አስተምረውሽ ነው። መጸው መስከረም 26 ይገባል። ጸደይ ከመጋቢት 26 ወዲያ ነው።

የትራኩ ልጅ፦ በእንግሊዝኛ ፎል በሉትና እንገላገል።

መልስ፦ የፈለጋችሁትን በሉት። ነዳጅ ብቻ ሙሉ። ቀጣይ።

ባለ ካሜራ፦ በዓይኔ የማየው ቀለም ፎቶዬ ላይ የለም። ስልኬ ነው ችግሩ?

መልስ፦ ስልክህ ምንም አልሆነም፤ የቆምክበት ነው። ፀሐይን ከኋላህ አድርገህ ካነሳህ ቅጠሉ የተቀባ ግድግዳ ይመስላል። ፀሐይ ከቅጠሉ ጀርባ ስትሆን ግን ቅጠሉ ራሱ ይበራል። ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ወደ ደቡብ ንዳ። ምዕራብ የሚያዩት መመልከቻዎች በቀኝህ ይሆናሉ፣ መንገድ ሳታቋርጥ ገብተህ ትቆማለህ። ገብተህ ነው ያልኩት! መንገድ መሐል ቆሞ በመስኮት ማንሳት ነውር ነው።

እማማ ዱባ፦ ድብ አለ?

መልስ፦ አለ። አትመግቡት።

የትራኩ ልጅ፦ ከፍ ያለ ካምፐር (ማደሪያ ያለው መኪና) ይዤ ልመጣ ነው። ያሳልፈኛል?

መልስ፦ ሜሪስ ሮክ ዋሻ ስካይላይን ላይ፣ 32ኛው ማይል ነው፣ ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች። ከመምጣትህ በፊት ለካ፣ ጣራ ላይ ያለውን ሁሉ ጨምረህ። ዋሻው ውስጥ መብራት አብራ።

ሾፌሯ፦ ባለፈው ስወርድ ፍሬኔ ሸተተኝ። ጋራዥ ልውሰደው?

መልስ፦ ጋራዡ ይየው፣ ግን መጀመሪያ እግርሽን እንይ። ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያቃጥላል። አንድ ጊዜ ከፊቴ የነበረ መኪና ከጎማው ጭስ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ሾፌሩ ግን ቅጠል ያደንቃል። ማርሽ ቀንሺ። አውቶማቲክም ቢሆን ብዙ ጊዜ "ኤል" ወይም "2" አለው። ሞተሩ ይጮሃል፣ አትደንግጪ፤ መኪናውን የሚይዝልሽ እሱ ነው። የረጠበ የወደቀ ቅጠል ደግሞ እንደ ሳሙና ነው። ሲመሽ አጋዘን ይሻገራል። ስካይላይን ላይ የፍጥነት ወሰኑም በሰዓት 35 ማይል ነው፣ 50 አይደለም።

አዲስ ገቢ፦ ስካይላይን ይሻላል ወይስ ፓርክዌዩ?

መልስ፦ ስካይላይን 105 ማይል ነው፣ ያስከፍላል፤ የከፈላችሁት 7 ቀን ያገለግላል። እሱ ሲያልቅ ፓርክዌዩ ይጀምራል፣ 469 ማይል፣ በነጻ። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ፓርክዌዩን እጨርሳለሁ አይበል። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በ2024 ሄሊን አውሎ ነፋስ ክፉኛ ጎድቶታል፤ ከመነሳታችሁ በፊት የተዘጋ ክፍል እንዳለ የፓርክዌዩን ድረ ገጽ እዩ።

እማማ ዱባ፦ ሆቴል ግን የቱ ጋ ይሻላል?

መልስ፦ እማማ፣ መግቢያው ላይ ምን አልኩ?

ዘግይቶ መጪ፦ ጋሼ፣ ቅጠሉ የሚያምረው መቼ ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ዘግይቶ መጪ፦ አንብቤያለሁ። ቅዳሜ ልምጣ?

መልስ፦ ቅዳሜ የምታየው የፊትህን መኪና መብራት ነው። ማክሰኞ ና። ነዳጅ...

ዘግይቶ መጪ፦ ሞልቻለሁ ጋሼ።