በስሜ ስትጠራኝ ዞር አላልኩም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 43 ዓመቴ ነው፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው የምኖረው። ኦቲዝም ያለበት የ15 ዓመት ልጅ አለኝ። በቀደም ገበያ ላይ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ በስሜ ደጋግማ ስትጠራኝ ሌላ ሰው የምትጠራ መስሎኝ አለፍኳት። ድስት አሳርራለሁ፣ ቁልፍ ይጠፋብኛል። የመርሳት በሽታ ይሆን? እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የጎረቤቴን ዲያዜፓም እወስዳለሁ፣ ልጄም ሌሊት ሲያስቸግር ግማሽ ሰጥቼዋለሁ። የ21 ማኅበሬን ከተውኩ 4 ዓመት ሆነኝ። አማቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሆኜ በቀትር ሐይቅ ዳር መውረዴን ዛሬም ታነሳብኛለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ሌሊት ሦስቴ የሚነሳ ሰው ድስት ያሳርራል። የመርሳት በሽታ አይመስለኝም። የፈራሽውም እሱን አይደለም፣ «እኔ ብወድቅ ልጄን ማን ያየዋል» የሚለውን ነው። ስምሽን ሰምተሽ ያላወቅሽው ደግሞ ማንም በስምሽ ስለማይጠራሽ ነው። ሰፈር ውስጥም ካርድ ክፍልም «የልጁ እናት» ነሽ።

ልጁ ጎረምሳ ሲሆን ይሄ ይብሳል። በ4 ዓመቱ መንገድ ላይ ሲጮህ ሰው «አይዞሽ» ይልሻል። በ15 ዓመቱ፣ ድምፁ ጎርንኖ ቁመቱ በልጦሽ ሲጮህ፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ሳይደርስ ይወርዳል። ልጁ ያው ልጅሽ ነው። ግን ቀስ በቀስ አንቺም ራስሽን በሰው ዓይን ማየት ትለምጃለሽ። በሌላ በኩል ድሮ ቀና ብላ የማትናገር ሴት ዛሬ ለልጇ ከርእሰ መምህር ጋር ስትሟገት አይቻለሁ። ዘሚ የኑስ የውበት ባለሙያ ነበረች፤ የልጇ ኦቲዝም ነው በ2002 በፈረንጅ አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያስከፈታት። አንቺ ማዕከል ክፈቺ እያልኩሽ አይደለም። መለወጥ መጥፋት አይደለም ለማለት ነው።

የአማትሽ ነገር ላይ ልቆይ። ጣና ዳር ያደግን ሁሉ የቀትር ጋኔን ሲባል ሰምተናል፣ እኔንም እናቴ በቀትር ከውኃ ዳር ታባርረኝ ነበር። ኦቲዝም ግን ከሐይቅ አይመጣም። ከድንጋጤ፣ ከእርግማን፣ ከክትባትም አይመጣም። ስንት ነፍሰ ጡር ነች በቀትር ወደ ዘጌ የምትሻገረው? የሁሉም ልጅ ኦቲዝም ይዞታል? እኛ ሐኪሞችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹና 60ዎቹ ውጭ አገር «ፍቅር የነፈገች እናት ናት ያመጣችው» እየተባለ ስንት እናት አልቅሳለች። ስህተት ነበር። በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1977 መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት ነገሩ በአብዛኛው ከዘር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ፣ ከዚያ ወዲህ የመጡትም ይህንኑ አጠናከሩ። ይሄን ለአማትሽ አንብቢላት። ጠበል ውሰጂው፣ አልከለክልሽም። ጥፋተኛ ፍለጋው ግን 15 ዓመት ሙሉ በቅቷል!

ዲያዜፓሙ አናዶኛል። የሰው መድኃኒት እንዴት ይወሰዳል? ኪኒኑ ራሱ ያስረሳል እኮ። ልጁንማ በፍጹም! አንዳንዱን እንደማስተኛት ያስቆጣዋል። ሌሊት የሚያስጮኸው የጥርስ ሕመም ወይም የሆድ ድርቀት ሊሆን ይችላል፣ መናገር ካልቻለ በምን ይንገርሽ? የሚጥል በሽታም ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በዚህ ዕድሜ ሊጀምር ይችላል። ሐኪም ይየው። አንቺም ኪኒኑን በየቀኑ ለሳምንታት ወስደሽው ከሆነ በአንዴ አታቁሚ፣ ሐኪም ቀስ አድርጎ ይቀንስልሽ።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅሽ። «ተኝቼ ባልነሳ»፣ «ሁለታችንንም በወሰደን» ብለሽ ታውቂያለሽ? ካልሽ ነገ አትበይ። ኪኒኑን ለእህትሽ ስጪና ዛሬውኑ ከሰው ጋር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሂጂ። መጥፎ እናት ሆነሽ አይደለም፣ ድብርት ሕመም ነው፣ ይታከማል።

ይሄ ከሌለም ደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን ተመርመሪ።

ከዚያ ማኅበርሽ። ልጁ ከእህትሽ ጋር ይቆይ፣ ግን ድንገት አይሁንበት። ሦስት ሥዕል ሥሪለት፦ አክስቱ ስትመጣ፣ አንቺ ስትወጪ፣ አንቺ ስትመለሺ። ከሳምንት በፊት ጀምረሽ በየቀኑ አሳዪው። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ብቻ። ካለቀሰ ትመለሺያለሽ፣ በሚቀጥለው 21 ደግሞ ትሄጃለሽ።