መልስ፦ ቦብስሌይ ስፖርት ነው ወይስ እብደት?

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ሆነህ በቴሌቪዥን ያየኸውን፣ አራት ሰው ተጣብቆ በበረዶ ቦይ የሚወርድበትን ነገር «ስፖርት ነው ወይስ እብደት?» ብለህ ጠይቀሃል። ስፖርት ነው፤ እብደቱም አይካድም።

በክረምት የጮቄን ግርጌ ቁልቁለት በረጠበ ሣር ላይ ተንሸራቶ ያደገ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው። ቦዩ ከ1,200 ሜትር በላይ የሚረዝም ጠመዝማዛ ሲሆን፣ ሞተር የሌለው መንሸራተቻ በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርበታል።

ብዙ ተመልካች የማያስተውለው አጀማመሩን ነው። ተወዳዳሪዎቹ መንሸራተቻውን 50 ሜትር ያህል እየገፉ ይሮጡና ተራ በተራ ዘለው ይገባሉ። እዚያ የባከነች የሰከንድ ሽርፍራፊ እስከ ታች ድረስ ትከተላቸዋለች። ለዚህም ነው የአጭር ርቀት ሯጮች ለዚህ ስፖርት የሚፈለጉት። ከፊት የተቀመጠው መሪ ከመንሸራተቻው ሥር ያሉትን የፊተኞቹን ብረቶች በገመድ ያዞራል። የመጨረሻው ሰው ፍሬን ያዥ ነው፤ ፍሬኑን የሚስበው ግን ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው! መካከል ያሉት አጎንብሰው ይቀመጣሉ፤ እኔ ብሆን ዳዊት እደግም ነበር።

ክብደት ለቁልቁለት ስለሚጠቅም ገደብ አለው፦ ባለአራቱ ከነሰዎቹ ከ630 ኪሎ ግራም አይበልጥም።

በረዶ የሌለው አገር አይሞክረውም ያልከው ግን ስሕተት ነው። ጃማይካ እ.ኤ.አ. በ1988 በካልጋሪ ኦሊምፒክ፣ የናይጄሪያ ሴቶችም በ2018 በፒዮንግቻንግ ተወዳድረዋል። የእኛው ሮቤል ተክለማርያም ግን እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን ኦሊምፒክ የተሰለፈው በቦብስሌይ ሳይሆን በስኪ፣ ማለትም በእግር በሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ ነበር።