መንገዱ የቱ ነው? የዜልዳ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጌም ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ለቅቄለታለሁ። ጌሙ «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ነው። ኒንቴንዶ በ2017 እ.ኤ.አ. ከስዊች ኮንሶሉ ጋር በአንድ ቀን ያወጣው፣ በስዊች ብቻ ከ30 ሚሊዮን ኮፒ በላይ የተሸጠው የዜልዳ ጌም። ላልተጫወታችሁት ባጭሩ፦ ሊንክ የሚባል ወጣት ከ100 ዓመት እንቅልፍ ይነቃል። አገሩ ሃይሩል ፈርሳለች። ጋነን የሚባል ክፉ ኃይል ቤተ መንግሥቱን ይዟል፤ ልዕልት ዜልዳም እዚያው ሆና አፍና ይዛዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው በተጫዋቹ እጅ ነው። ጥያቄውም የሚበዛው ለዚሁ ነው።

«ጂቲኤ ላይ መሄጃህን የሚያሳይ መስመር አለ። እዚህ ግን ከአምባው ከወረድኩ ጀምሮ ዝም ብዬ እየዞርኩ ነው። ያለፈኝ ነገር ይኖር ይሆን?» ከአዳማ

ምንም አላለፈህም፤ ዙር።

ጌሙ የሚጀምርበት ታላቁ አምባ ዙሪያውን ገደል የሆነው ሆን ተብሎ ነው። እዚያ ላይ መውጣት፣ እንጨት መቁረጥ፣ ማብሰልና ብርድ መቋቋም ትለምዳለህ፤ ማንም ግን ቁጭ አድርጎ አያስተምርህም። እዚያ የምታገኘው ሽማግሌ አራት ሽራይን፣ ማለትም አራት የእንቆቅልሽ ክፍሎች፣ እንድትጨርስ ያደርግሃል። በምላሹ ፓራግላይደሩን፣ ማለትም አየር ላይ የሚያንሳፍፍህን ጨርቅ፣ ይሰጥሃል። ከገደሉ ስትዘል ትምህርቱ አለቀ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመራህ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ሠሪዎቹ በዚያው በ2017 ጃፓን ውስጥ በተካሄደ የጌም ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ነገሩን በግልጽ አስረድተዋል። ተራራውንም ኮረብታውንም ድንጋዩንም የነደፉት በሦስት ማዕዘን ሐሳብ ነው። ሦስት ማዕዘን ፊትህ ሲቆም ምርጫ ውስጥ ትገባለህ፦ ልውጣው ወይስ ልዙረው? በዚያ ላይ ከኋላው ያለውን ይሸፍናል። ኮረብታውን እየዞርክ ሳለ ከጀርባው የማማ ጫፍ ብቅ ይላል። ወደ ማማው ስትሄድ በግራ በኩል ጭስ ታያለህ። የጭራቆች ሰፈር ይሁን የመንገደኛ እሳት ለማወቅ ጠጋ ትላለህ። ማማው ተረሳ። ይህን ሁሉ በራስህ ፈቃድ ያደረግከው ይመስልሃል፤ ደግሞም ነው፣ ግን ሰዎቹ ምን ስታይ ምን እንደሚያምርህ አስቀድመው አስበውበታል።

ርቀቱንም በግምት አልተዉትም። ዳይሬክተሩ ሂደማሮ ፉጂባያሺ የኪዮቶ ሰው ነው። ከዚህ እዚያ ለመሄድ ምን ያህል እንደሚፈጅ በልቡ የሚያውቀውን የኪዮቶን ካርታ በጌሙ ዓለም ላይ አስቀምጦ ነበር ስፋቱን የሚመዝነው።

አሁን ምን ታደርጋለህ? የምታየው ማማ ላይ ውጣ። ሌሎች ጌሞች ላይ ማማ ስትወጣ ካርታው በምልክት ይጥለቀለቃል። እዚህ የሚከፈትልህ ወንዙና ተራራው ብቻ ነው። ምልክቱን የምታደርገው አንተ ነህ። የቀኙን አናሎግ ወደ ውስጥ ስትጫነው መነጽር ይወጣል፤ በእሱ ዙሪያህን ቃኝና ዓይንህን የሳበው ነገር ላይ ፒን ትከል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ደግሞ «ፕሮ» የሚለውን ምረጥ፤ ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ ካርታ ትጠፋለች። እሷ እያለች ሰው መንገዱን ትቶ እሷን ነው የሚያየው። ታሪኩ ከናፈቀህ ወደ ካካሪኮ መንደር ሂድና ኢምፓ የምትባለዋን አሮጊት አናግር። ግን አትቸኩል፣ የትም አትሄድም።

«ሰይፉ ሁሉ እየተሰበረ አለቀብኝ። ጥሩ ሰይፍ ሳገኝ ራሱ ለመጠቀም እሳሳለሁ። ይሄ ምን ዓይነት ነፃነት ነው?» ከሐዋሳ

ይህ ቅሬታ ጌሙ ከወጣ ጀምሮ አለ፣ ገና ይኖራል። እኔ ከሠሪዎቹ ጋር ነኝ።

እንዲህ አስበው። የማይሰበር ሰይፍ መጀመሪያ ላይ ብታገኝ፣ ቀጥሎ የምታየው ሳጥን ውስጥ ያለ ሰይፍ ምን ይሠራልሃል? የጭራቆቹን ሰፈር ለምን ትደፍራለህ? ሰይፍህ ሲሰበር መሬት ላይ የወደቀ ዱላ ታነሳለህ፣ ከኮረብታው ላይ ድንጋይ ታንከባልላለህ፣ የፈንጂ በርሜሉን በእሳት ቀስት ትመታለህ። ሰይፉ ቢኖርህ አንዱንም አትሞክረውም ነበር።

ስስቱን ግን ተው። ለክፉ ቀን ብለህ ያስቀመጥከው ሰይፍ ቦርሳ ይሞላብሃል፣ ሌላ ነገር አያደርግልህም። ሊሰበር ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ጠላት ላይ ወርውረው፤ የመሰበሪያ ምቱ ከሌላው ጊዜ እጥፍ ይጎዳል። ወደ ካካሪኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ሄስቱ የሚባል ግዙፍ የዛፍ ሰውዬ አለ። የኮሮክ ፍሬ፣ ማለትም በየቦታው የተደበቁት ትንንሽ የጫካ ፍጡራን የሚሰጡህን ፍሬ፣ ስትሰጠው ቦርሳህን ያሰፋልሃል። «ማስተር ሶርድ» የተባለችው ሰይፍ አትሰበርም፤ ስትደክም 10 ደቂቃ ታርፋለች። እሷን ከድንጋዩ ለመንቀል ግን 13 ልብ (የሕይወትህ መለኪያ) ያስፈልግሃል። በምግብ የሚመጡት ቢጫ ልቦች አይቆጠሩም።

«ተራራ እየወጣሁ ዝናብ ሲጀምር እንሸራተታለሁ። መፍትሔ አለው?» ከጅማ

ጅማ ተቀምጠህ በዝናብ ማማረርህ ገርሞኛል።

መፍትሔው መጠለያ ነው። ዝናብ የማይደርስበት የድንጋይ ጥላ ፈልግ። እንጨትና ባልጩት መሬት ላይ አስቀምጠህ ባልጩቱን በብረት መሣሪያ ምታው፤ እሳት ይነሳል። አጠገቡ ተቀምጠህ ሰዓቱን ማሳለፍ ትችላለህ። ትንሿ ካርታ አጠገብ የአየር ትንበያ እንዳለም አትርሳ። «ፕሮ» ላይ ካደረግከው ግን እሷም የለችም። ሰማዩን ማየት ትለምዳለህ።

መብረቅ ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ጀርባህ ላይ ያለው የብረት ሰይፍ ብልጭ ብልጭ ማለት ይጀምራል። ሊመታህ ነው። ብዙ ሰው ደንግጦ ሰይፉንም ጋሻውንም ያወልቃል፤ ትክክል ነው። አንዴ ግን ይህን ሞክር፦ ብልጭታው እየፈጠነ ሲመጣ ሰይፉን ጭራቆቹ መሀል ወርውረው። መብረቁ ሰይፉን ተከትሎ እነሱን ይመታል። ይህን የሚነግርህ የለም፤ ብረት መብረቅ ይስባል የሚለውን ካወቅህ ሌላው ራሱ ይመጣልሃል።

በነገራችን ላይ፣ ዝናቡ ይበዛል በሚለው እስማማለሁ። በተለይ ደቡቡ፣ ፋሮን አካባቢ፣ ሲዘንብ የሚያባራ አይመስልም። ትንሽ ቢቀንሱት ጌሙ ምንም አይጎድልበትም ነበር።

«የ11 ዓመት ልጄ ይህን ጌም ገዝቼለት ታሪኩን አይከተልም። ፈረስ ያሳድዳል፣ ምግብ ያበስላል፣ ዛፍ ላይ ይወጣል። ጊዜውን እያባከነ ነው?» የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ አይጨነቁ። አሜሪካ ውስጥ ጌሙ የተመደበው ከ10 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ነው። ስንት ሰዓት ይጫወት የሚለው የእርስዎ ውሳኔ ነው። ምን እየሠራ ነው ለሚለው ግን ልመልስልዎ።

የጌሙ ዓለም ልጅዎ ደጋግሞ ሊፈትናቸው በሚችል ጥቂት ሕጎች ነው የሚሠራው። እሳት እንጨትን ያነዳል፣ ሣርን ያቃጥላል፣ ፖሙን ዛፉ ላይ እንዳለ ይጠብሰዋል። ውሃ እሳትን ያጠፋል። ከሚቃጠል ሣር የሚነሳው ሙቅ አየር ፓራግላይደር የያዘን ሰው ወደ ላይ ያነሳል። ሠሪዎቹ ይህን መጀመሪያ የሞከሩት በ1986 የወጣውን የመጀመሪያውን ዜልዳ በሚመስል ትንሽ ጠፍጣፋ ጌም ላይ ነበር። ዛፉ በትክክል ተቃጠለ፣ ግንዱ በውሃ ላይ ተንሳፈፈ፣ ከዚያ ትልቁን ሠሩ። ስለዚህ ልጁ ቃሪያ ሲያበስል በረዷማውን ተራራ ያለ ወፍራም ልብስ ለመውጣት እየተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ሚጥሚጣ ሰውነት ያሞቃል የሚለውን ለሐበሻ እናት ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

አንድ ነገር አብረውት ይሞክሩ። ሃቴኖ የሚባል መንደር አጠገብ ሚያም አጋና የተባለ ሽራይን አለ። ውስጡ ኳስ የሚንከባለልበት ባለ ግድግዳ ሳጥን አለ፤ ጆይስቲኩን ስታጋድሉት ሳጥኑም ያጋድላል። ኳሷን በጠመዝማዛው መንገድ አውጥቶ ወደ መውረጃው ማድረስ ነው ሥራው። ኳሷ ጥግ ላይ ትቀረቀራለች፣ ትወድቃለች፣ ሰው ይናደዳል። አሁን ጆይስቲኩን ሙሉ በሙሉ ይገልብጡት። የሳጥኑ ጀርባ ልሙጥ ነው፣ ግድግዳ የሚባል ነገር የለውም። ኳሷን በጀርባው ተቀብላችሁ ወደ መውረጃው ትገፏታላችሁ። ጌሙ «አጭበረበርክ» አይልም፤ በሩን ይከፍታል። ልጅዎ ይህን ሳይነገረው ካገኘው ለእኔም ይጻፍልኝ።

«ጋነንን ገና ከመጀመሪያው ሄዶ መግጠም ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?» ከመቀሌ

እውነት ነው። ፓራግላይደሩን እንዳገኘህ «ጋነንን አጥፋ» የሚለው ሚሽን ይከፈታል፤ የሚከለክልህ በር የለም። በፍጥነት የሚወዳደሩት ተጫዋቾች ጌሙን ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል።

ዋጋው ግን አለ። አራቱን ግዙፍ የማሽን አውሬዎች ነፃ ካላወጣህ፣ ጋነን ጋ ከመድረስህ በፊት እነሱን የያዙትን ቦሶች ተራ በተራ እዚያው ትገጥማለህ። አራቱንም ነፃ ካወጣህ የጋነን ግማሽ ሕይወት ገና ሲጀመር ይሄዳል። የሚያምረው ነገር፣ ማንም «አልደረስክም» አይልህም። ስትሞት ራስህ ታውቀዋለህ።

እኔ የምመክርህ ለመግደል ሳይሆን ለመስረቅ እንድትገባ ነው። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጥሩ ጥሩ መሣሪያ አለ። የጠባቂ ማሽኖቹ ቀይ መስመር ደረትህ ላይ ሲያርፍ ጥይቱ ሊመጣ ነውና ግድግዳ ያዝ።

«900ውን የኮሮክ ፍሬ ልልቀም?» ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ

አትልቀም። ቦርሳህን እስከ ጥግ ለማስፋት 441 ይበቃል። 900ውን ከጨረስክ ሄስቱ ወርቃማ ስጦታ ይሰጥሃል። ቅርጹ የኩስ ነው፣ እያጋነንኩ አይደለም። ሠሪዎቹ ለምን ሁሉን ትለቅማለህ እያሉ እየሳቁብህ ነው።

«ዱባይ ነው የምሠራው። ለወንድሜ ስዊችና ይህን ጌም ገዝቼ አዲስ አበባ ልልክለት ነው። እዚያ ይሠራለታል? ኢንተርኔትና መብራትስ?»

ይሠራል። የስዊች ካሴት በአገር አይቆለፍም፤ ከየትም ተገዝቶ የትኛውም ስዊች ላይ ይገባል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በኦንላይን የሚሸጠው ተጨማሪ ይዘት፣ ዲኤልሲ የሚሉት፣ ላይ ነው፤ እሱ ካሴቱ ከወጣበት ክልል ጋር መመሳሰል አለበት። ዋናውን ጌም ለመጫወት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ካሴት ግዢለት፤ ሲጨርስ ይሸጠዋል ወይ ከጓደኛው ጋር ይለዋወጣል። ዳውንሎድ የተደረገው አካውንቱ ላይ ነው የሚቀረው።

ባትሪው ይለያያል። ይህን ጌም ሲያጫውት የመጀመሪያው ስዊች 3 ሰዓት ገደማ፣ ከ2019 ወዲህ የወጣው የተሻሻለው ደግሞ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ልዩነቱ ይታያል፤ ሁለተኛውን ፈልጊ። ካርቶኑ ላይ «ስዊች 2 ኤዲሽን» የሚል ካሴት ግን እንዳትወስጂ። እሱ አሮጌው ስዊች ላይ አይሠራም።

«ሁለተኛውን ጀመርኩ። በራሪ ሞተር ሠርቼ የፈለግሁበት እሄዳለሁ። ግን እንደ መጀመሪያው አልሆነልኝም። እኔ ነኝ ጌሙ?» ከስቶክሆልም

በ2023 ስለወጣው «ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም» ነው የምታወራው። በሦስት ቀን 10 ሚሊዮን የተሸጠው። ያው የሃይሩል ምድር ነው፤ ከላይ የሰማይ ደሴቶች፣ ከሥር ደግሞ ጨለማ ዓለም ተጨምሮበታል። «አልትራሃንድ» በሚባለው ኃይል ያገኘኸውን ዕቃ ሁሉ አጣብቀህ ትሠራለህ።

ችግሩ ያቺ ሞተር ናት። ሁለት ማራገቢያና አንድ መሪ፣ በቃ። ርካሽ ናት፣ ተራራ ትዘላለች፣ ዝናብ አያግዳትም። ከላይ ያወራነው ሦስት ማዕዘን እሷ ላይ አይሠራም፤ ልውጣው ወይስ ልዙረው የሚል ጥያቄ የለም፣ በላዩ ታልፋለህ። መንገድ ላይ የሚያዘናጋህ ጭስም አይኖርም። አንዳንዶች «አለመጠቀም መብትህ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ግን ቀላሉን መንገድ አውቆ መተው ለሰው ከባድ ነው። በመሥራት በኩል ሁለተኛው ይበልጣል፤ በመንከራተት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ያቺን ሞተር አፍርሰህ ተዋት። ማማዎቹን ሁሉ እስክትከፍት ድረስ በእግርና በፈረስ ሂድ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ። የመጀመሪያው ጌም ሰይቭ ያው ኮንሶል ላይ ካለህ ደግሞ ወደ አንዱ የፈረስ በረት ጎራ በል። የድሮ ፈረሶችህ እዚያ ናቸው።