ጀበናውን መልሱላቸው

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ሰሞኑን ደረታቸውን ይዘው «ልቤ ጀልባ ላይ እንደወደቀ ዓሣ ትንፈራገጣለች» ይላሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይተዋቸዋል። እናቴ ጥፋቱ የቡናው ነው ብላ ጀበናውን ደብቃለች። አባቴ ሌላ ሱስ የለባቸውም፣ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቻቸው ጋር አረቄ ከመቅመስ በቀር። የደም ግፊት ኪኒናቸውንም ሲሻላቸው ይተዉታል። ማንኮራፋታቸው ደግሞ ጎረቤት ይሰማል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጀበናው ከተደበቀበት ይውጣ። በቀን ሁለት ሦስት ስኒ ቡና ለአብዛኛው ሰው የልብ ምት አያዛባም። እሳቸው ግን በጠጡ ቁጥር የሚነሳባቸው ከሆነ ይቀንሱ።

እኔን ያሳሰበኝ «በቀር» ብለሽ ያለፍሽው አረቄ ነው። በ1978 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ለዚህ ነገር «የበዓል ልብ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ ሰዎቹ ጠጥተው ካሳለፉት በዓልና ቅዳሜ እሁድ በኋላ ልባቸው እየተዛባ ሆስፒታል ይመጡ ስለነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሳይቀምሱ ቆይተው በአንድ ማታ መድገም መደጋገም ልብን ያስደነግጣል። ግፊቱም ቀላል አይደለም፣ እንዲያውም ዋናው እሱ ነው። ኪኒናው ሲሻላቸው የሚቆም አይደለም፤ የተሻላቸው እኮ ስለወሰዱት ነው! ማንኮራፋቱን ደግሞ አንድ ሌሊት አዳምጪ። ትንፋሻቸው ቀጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት እንደመታፈን ብለው የሚተነፍሱ ከሆነ ለሐኪም ይነገር፣ ይህም ልብ ያዛባል።

ችግሩ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው ሊሆን ይችላል። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በወጉ መምታት ትተው ይርገበገባሉ፣ ደም እዚያው ተኝቶ ይረጋል፣ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። አደጋውን 5 እጥፍ ያህል ያሳድገዋል። ስለዚህ «ተወኝ እኮ» ቢሉሽም እንዳትሰሚያቸው፣ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው።

እስከዚያው እቤት አንድ ነገር ሞክሪ። አረፍ ብለው ሳለ ከአውራ ጣታቸው ሥር አንጓቸው ላይ ሁለት ጣትሽን አሳርፊና አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ከ60 እስከ 100 ደህና ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ ግን አካሄዱን ልብ በይ። እንደ ሰዓት እኩል ይሄዳል ወይስ እንደ ጀማሪ ከበሮ መቺ ይዘላል? ከዘለለ በዚያው ሳምንት ኢሲጂ (የልብን ምት በወረቀት የሚመዘግብ ምርመራ) ይነሱ፣ ቢቻል ልክ ሲነሳባቸው። የእንቅርት ሆርሞን ምርመራም ይጠይቁ። በልጅነታቸው ቁርጥማት ታመው ከነበረ ለሐኪሙ ይንገሩት፣ የልብ ቫልቭ (ደም የሚያሳልፈው በር) የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው።

አስፒሪን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጧቸው። ለዚህ ዓይነቱ ስትሮክ ብዙም አይከላከልም፣ ጨጓራም ያደማል፤ ደም ማቅጠኛ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ሐኪሙ መርጦ ያዛል። ፊታቸው ከተጣመመ፣ እጃቸው ከዛለ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።