ድምፁ ተዘግቶም ጠቅ ጠቅ ስለሚለው ላፕቶፕ

ወንድሜ፣ «ድምፁን ዘግቼውም ጠቅ ጠቅ ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ቀጭን ሲይይይ የሚል ነገር አለው፤ ቫይረስ ይሆን?» ላልከው፦ ዘግተኸው ካልቆመ ከስፒከሩ አይደለም ማለት ነው፤ ስለዚህ ቫይረሱን ተወው። የሚጮኸው ከውስጥ ያለ ዕቃ ነው። ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልለህ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን ላፕቶፑ ላይ እያዘዋወርክ አዳምጥ። ሙቅ አየር በሚወጣበት በኩል ከሆነ ፋኑ ነው፤ መዳፍህን በምታሳርፍበት በኩል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ነው።

ጠቅታውን አትናቀው። ኤስኤስዲ (ፋይል በቺፕ ላይ የሚይዘው የዲስክ ዓይነት) የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ጠቅ አይልም፤ የሚሽከረከረው ዲስክ ግን ሥራ ሲፈታ የማንበቢያ ራሱን ወደ ማረፊያው ስለሚመልስ አልፎ አልፎ ለስለስ ያለ ጠቅታ ያሰማል። ይሄ ጤነኛ ነው። እኩል እየቆጠረ ከተደጋገመና ፋይል ስትከፍት ማሽኑ ደርቆ ከቀረ ግን፣ የማንበቢያ ራሱ የሚፈልገውን ቦታ አጥቶ እየተመላለሰ ነው። የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን (CrystalDiskInfo) ክፈትና 05 እና ሲ5 (C5) የሚሉትን ረድፎች እስከ መጨረሻው ዓምድ ድረስ እያቸው። 05 ተበላሽተው የተተኩ፣ ሲ5 ደግሞ ለማንበብ ያስቸገሩ ሴክተሮች (የዲስኩ ትናንሽ ክፍልፋዮች) ቁጥር ነው። በተለይ ሲ5 ዜሮ ካልሆነ ዛሬውኑ ፋይልህን ቅዳ፤ ፎቶና ሰነድ ይቅደም፣ ፊልሙ ይደርሳል። የዊንዶውስን የዲስክ መጠገኛ (ቼክ ዲስክ)ም ማደራጃ (ዲፍራግ)ም አታስኪድ፤ የደከመውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር እያሯሯጡ ይጨርሱታል። ፍሪዘር ውስጥ ክተተው የሚሉህንም አትስማ፤ ሲወጣ ጤዛ ይይዛል።

ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ መብራት ድርግም ባለ ቁጥር ጠንከር ያለ «ቀጭ» ትሰማለህ። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ የማንበቢያ ራሱ ተወርውሮ ሲመለስ ነው፤ በወጉ ከመዝጋት ይልቅ ዲስኩን በብዙ ይጎዳዋል። ባትሪውን ሳትቀይር አዲስ ዲስክ ብታስገባ እሱም ያው ነው።

ሲይታው ሌላ ጉዳይ ነው። ገጽ ወደ ታች ስትጎትት ወይም ቻርጀር ስትነቅል ቅጥነቱ ከተለዋወጠ፣ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያሉት የሽቦ ጥቅሎች በኤሌክትሪኩ እየተንቀጠቀጡ ነው፤ ያናድዳል እንጂ አይጎዳም። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርደህ ሞክር፤ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ድምፁም ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀንሳል።

ፋኑ ከሆነ አጥፋው፣ ክዳኑን ክፈት፣ የባትሪውን ገመድ ንቀል። ክንፎቹን በስቴኪኒ ያዝና በብሩሽ ጥረግ፤ ሳትይዘው አየር ከነፋህበት ከልክ በላይ ተሽከርክሮ የሚሽከረከርበት መቀመጫ (ቤሪንጉ) ይበላል። ዋናው ቆሻሻ በፋኑና በብረት ፍርግርጉ መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተጋገረው አቧራ ነው፤ ፋኑን ካላነሳህ አይታይም። ተጠርጎም ላፕቶፑን ስታዘነብለው ክርክርታው ከተቀየረ መቀመጫው አልቋል፣ ፋኑ ይቀየር። ዘይት ማድረግ ለጥቂት ቀን ነው።