ያለ አንባቢ ፈተና፦ መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ነኝ፤ በሶሲዮሎጂ ዲግሪ አለኝ። አንድ የግል ድርጅት ባወጣው ክፍት የሥራ ቦታ ተመዝግቤ ለጽሑፍ ፈተና ስቀርብ «አንባቢ ስለሌለን ልንፈትንህ አንችልም» ብለው መለሱኝ። በጽሑፍ የሰጡኝ ነገር የለም። ምን ላድርግ? (አንባቢያችን ከደሴ)

መልስ፦ መክሰስ ይችላሉ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር እኩል የመወዳደር መብት ይሰጥዎታል።

በጽሑፍ ባይሰጡዎትም አይስጉ። በሌላው ክስ አስረዳ የሚባለው ከሳሽ ነው። በዚህ አዋጅ ግን ሸክሙ ዞሮ አሠሪው ላይ ይወድቃል፤ አድልዎ አልፈጸምኩም ብሎ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንቱ መብቱን ትቶ ቤቱ ቀርቷል!

ቢሆንም ባዶ እጅዎን አይሂዱ። መመዝገብዎንና መስፈርቱን ማሟላትዎን የሚያሳይ ነገር ይያዙ፤ የማስታወቂያው ፎቶ፣ የምዝገባ ቁጥር፣ ለፈተና የተጠሩበት የስልክ መልእክት (እንዳያጠፉት)። ከዚያ ዛሬ ነገ ሳይሉ «በዚህ ቀን አንባቢ የለም ተብዬ ተመልሻለሁ፤ አንባቢ ተመድቦልኝ ልፈተን» የሚል ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ያስጽፉ። አንዱን ገቢ ያድርጉ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማህተም፣ ቀንና ቁጥር ያስመቱ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩት፤ ደረሰኙ ማስረጃ ነው። ቦታው በሌላ ሰው ከተያዘ በኋላ መመለሱ ከባድ ስለሆነ መቆየት ይጎዳዎታል።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ካነሰዎት የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን ወይም በአቅራቢያዎ ባለ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ።