«ቀለል ብሏል» ሲባል፣ የቀለለው ለማን ነው?

የአንባብያን የጤና ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች መነሻቸው አንድ ነው። አዲስ የኮሮና ዝርያ በተሰማ ቁጥር «አብሽሩ፣ ይኼኛው ቀላል ነው» የሚል ወሬ አብሮ ይመጣል።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ያላሳለው ሰው የለም። «አዲሱ ዝርያ ነው፣ ከጉንፋን አይብስም» ይላሉ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ቀላል ነው ብለን እንተወው? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ አይተዉት። ዝርያው ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ለእናትዎ ቀላል መሆኑን ግን ከዝርያው ስም ማወቅ አይቻልም። «ቀለለ» የምትለዋ አንዲት ቃል የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ጆንያ ትከትታለች።

ቫይረሱ ራሱ ሲለወጥ የሚቀልበት ጊዜ በእርግጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ኅዳር 17 ቀን 2014 ዓ.ም. አሳሳቢ ዝርያ ብሎ የሰየመው ኦሚክሮን ጥሩ ምሳሌ ነው። የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰው በተወሰደ የአየር ቧንቧና የሳንባ ሥጋ ላይ ሲሞክሩት፣ በአየር ቧንቧው ውስጥ ከእሱ በፊት ከተዛመተው ከዴልታ ዝርያ 70 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሲራባ በሳንባው ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ቫይረስ እንኳ ያነሰ ተራባ። ጉሮሮ ላይ ስለሚበረታ በፍጥነት ይዛመታል፤ ሳንባን ግን እንደ ዴልታ አይጎዳም። በእንግሊዝ 1 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕሙማን የታዩበት ጥናትም በኦሚክሮን ሆስፒታል የመግባት ዕድል ከዴልታ በ60 በመቶ ገደማ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ይኸው ጥናት ከ10 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ግን ይህን ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ያኔም ቢሆን «ቀለለ» የተባለው ለሁሉም እኩል አልነበረም።

ብዙ ጊዜ የሚቀለው ግን በቫይረሱ ምክንያት ሳይሆን ሰውነታችን ስለለመደው ነው። የተከተበ ወይም ቀደም ሲል ታሞ የዳነ ሰው ሰውነቱ ጠላቱን ያውቀዋል። ይህ ልምድ በሌለበት ያው «ቀላል» ቫይረስ ምን እንደሚያደርግ በሆንግ ኮንግ ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ ኦሚክሮን ሲገባ ያልተከተቡ አዛውንት ብዙ ነበሩና፣ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ሲታይ የሟቾቿ ቁጥር በዓለም ከፍተኛ ከነበሩት ተርታ ተሰለፈ።

አቆጣጠሩም ያሳስታል። አዲስ ዝርያ መጀመሪያ የሚይዘው ብዙ የሚንቀሳቀሰውን ወጣት ነው፤ ቤት የሚውሉት አዛውንት ዘግይተው ነው የሚያዙት። የትንፋሽ ማጠር የሚመጣው ሕመሙ ከጀመረ ከ5 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ሞት ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ አንዳንዴ በ3ኛው ሳምንት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት «ማንም አልሞተም» ቢባል እውነት ይሆናል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ሒሳቡንም በምሳሌ እንየው። በአንድ ዝርያ ከተያዙ 1,000 ሰዎች 20ው ሆስፒታል ይገባሉ እንበል፤ 10,000 ሰው ቢይዝ 200 አልጋ ያስፈልጋል። አዲሱ በግማሽ ቀለለ፤ ከ1,000 ሰው 10 ብቻ። ነገር ግን ፈጣን ነውና 40,000 ሰው ያዘ። አሁን የሚያስፈልገው 400 አልጋ ነው። ለአንድ ሰው የቀለለው ለሆስፒታሉ እጥፍ ከበደ ማለት ነው።

ወደ እናትዎ እንመለስ። ዕድሜያቸው፣ ስኳሩና ግፊቱ ከዝርያው ስም ይልቅ ይመዝናሉ። የስኳርና የግፊት መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፤ ትኩሳት ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ በሕመሙ ቀናት ደጋግመው ይለኩላቸው። ትንፋሻቸውን እንዴት እንደሚከታተሉ ከታች በሌላው ጥያቄ ላይ በዝርዝር ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ቫይረስ ሲቆይ መለዘቡ የተፈጥሮ ሕግ ነው ይባላል፤ የሚኖርበትን ሰው ከገደለ እሱም ስለሚሞት። እውነት ነው? (ከሐይቅ፣ መምህር)

መልስ፦ አንዳንዴ ይሆናል፤ ሕግ ግን አይደለም። ይህ አባባል የሚሠራው በሽተኛው ቫይረሱን ሳያስተላልፍ የሚሞት ከሆነ ነው። ኮሮና የሚተላለፈው ምልክት ከመታየቱ ከ1–2 ቀን አስቀድሞ ጀምሮ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሰው የሚሞተው ቫይረሱ ወደ ሌላው ከተሻገረ በኋላ ስለሆነ፣ ቫይረሱ በሞቱ የሚያጣው ነገር የለም። ከባዱ የፈንጣጣ ዓይነት ለብዙ መቶ ዓመታት ከያዛቸው ሰዎች 30 በመቶ ያህሉን እየገደለ ኖረ እንጂ አልለዘበም፤ ያጠፋው ክትባት ነው።

እኛ አገር ደግሞ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ስናቃጥል የምናስበው የኅዳር በሽታ አለ። በ1911 ዓ.ም. አገራችንን የመታው ያ ኢንፍሉዌንዛ በዓለም ላይ መጀመሪያ ሲነሣ በአመዛኙ ቀለል ያለ ነበር። የጨረሰን ከወራት በኋላ የተመለሰው ሁለተኛው ማዕበል ነው።

የኮሮናም ታሪክ ቁልቁል ብቻ የወረደ አይደለም። አልፋ ከመጀመሪያው ዝርያ ከበደ፤ ዴልታ ከአልፋ ከበደ፤ ኦሚክሮን ቀለለ። ለተማሪዎችዎ ቢነግሩልን ደስ የሚለን ደግሞ ይህ ነው፦ ኦሚክሮን የዴልታ ልጅ አይደለም። ከቆየ ሌላ ቅርንጫፍ የበቀለ ነው። ዛሬ የሚዘዋወሩት የኦሚክሮን ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ቀጣዩ ዝርያ ግን ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚበቅል የሚወስን ሕግ የለም።

ጥያቄ፦ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ገዛን። አባታችን ሲለኩ አንዴ 93፣ አንዴ 88፣ አንዴ 96 ይላል። የትኛውን እንመን? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአለካክ ነው። አባታችሁ ለ5 ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ። የደሴ ብርድ ጣትን ያደነዝዛል፤ በቀዘቀዘ ጣት ላይ መለኪያው ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ ወይም ቁጥሩ ይዋዥቃል። እጃቸውን አሻሽተው ወይም በለብ ያለ ውሃ አሙቀው ያድርቁ። የጥፍር ቀለም ካለ ይለቅ፤ ጥቁር ሒና የተቀባች ሴት ከሆነች ያልተቀባ ጣት ይፈለግ። መለኪያው በመካከለኛው ጣት ላይ እስከ ውስጥ ይግባ፤ እጁ ደረት ላይ ይረፍ፤ ፀሐይ አይምታው። ከዚያ አንድ ሙሉ ደቂቃ ጠብቃችሁ ቁጥሩ የረጋበትን ጻፉ። ገና ሲሰካ የሚያሳየው የመጀመሪያ ቁጥር አይቆጠርም።

ቀጥሎ የከፍታው ጉዳይ አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ነች። በመመሪያ ወረቀት ላይ የምታዩት «ከ95 በላይ» የሚለው ቁጥር የተጻፈው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። ደሴ ላይ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢያነብ ብቻውን አያስደነግጥም። ስለዚህ የቤተሰቡን ቁጥር በጤናችሁ ቀን ለክታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በሕመም ጊዜ የምታነጻጽሩት ከዚያ ጋር ነው። ከወትሮው በ3 ዝቅ ካለና ደግማችሁ ስትለኩም ያው ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በዕረፍት ላይ ከ90 በታች ከሆነ ነገን አትጠብቁ፤ ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል በዚያው ሰዓት።

መለኪያው የሚታለልባቸው መንገዶች አሉ። በጥቁር ቆዳ ላይ አንዳንዴ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ እንደሚያነብ በጥናት ታውቋል። የከሰል ጢስ ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደሙን እየመረዘው መለኪያው 97 ወይም 98 ሊል ይችላል፣ ጋዙን ከኦክስጅን መለየት አይችልምና። በሽተኛ የተኛበት ክፍል ውስጥ እንዲሞቀው ተብሎ የከሰል ምድጃ ፈጽሞ አይግባ። ብርድ ልብስ ይደረብ።

ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር ሰውየውንም እዩ። በተኙበት፣ እንደምትቆጥሩ ሳትነግሯቸው፣ ሆዳቸው ወይም ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ለአዋቂ ከ12 እስከ 20 የተለመደ ነው። ከ24 ካለፈ ጤና ባለሙያ ይያቸው፤ 30 ከደረሰ አስቸኳይ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ግራ ከተጋቡ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው መለኪያው ምንም ይበል፣ ተነሡ። ጠዋትና ማታ ለኩ፤ በተለይ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን። «ተሻላቸው» ተብሎ የሚዘናጋው ልክ በዚያ ጊዜ ነው።

ለትኩሳቱ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል 1 ወይም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ከ50 ኪሎ በታች ለሆኑ አዛውንት 1 ፍሬ ይበቃል። ብዙዎቹ የጉንፋን እንክብሎች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን አትደርቡ። ጉበታቸውን የታመሙ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ባለሙያ ጠይቁ። ዝንጅብሉም ዳማከሴውም ለብ ብሎ ቢጠጣ ጉሮሮ ያለሰልሳል። የፈላ ድስት ላይ ተደፍቶ መታጠን ግን ቫይረሱን አይገድልም፤ ፊትና ጭን ያቃጥላል።

አንድ ነገር እንጨምር። ከሐርቡ፣ ከባቲ ወይም ከከሚሴ ቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ካለው «ያው አዲሱ ዝርያ ነው» ሳይባል የወባ ምርመራ ይደረግለት። ሳል 2 ሳምንት ካለፈው ደግሞ የአክታ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ሳንባ ነቀርሳ በኮሮና ስም ተደብቆ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ከፋርማሲ ዴክሳና አዚትሮማይሲን ሰጡኝ። በጊዜ ከተጀመረ አይከብድም አሉኝ። (ከወልድያ)

መልስ፦ ዴክሳሜታሶን ሕይወት ያተርፋል፤ የሚያተርፈው ግን ኦክስጅን ለሚያስፈልገው በሽተኛ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የታወቀው የእንግሊዝ ጥናት እንዳሳየው መድኃኒቱ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት በአንድ አምስተኛ ቀንሷል። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን አልጠቀመም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነት ቫይረሱን በሚዋጋበት ሰዓት መከላከያውን ያዳክማል፣ ስኳርንም ያሽቅባል። መጠኑ በቀን 6 ሚሊግራም፣ ቢበዛ ለ10 ቀን፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው። አዚትሮማይሲን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ቫይረሱን አይነካውም። ካልጀመሩ ሁለቱንም አይጀምሩ፤ ከጀመሩ የሰጠዎትን ፋርማሲ ሳይሆን ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ሚኒባስ እነዳለሁ፣ ኮምቦልቻ–ደሴ። መስኮት ስከፍት ተሳፋሪ «ብርድ ይመታናል» ብሎ ይጮኻል። በዚህች ጉዞ መስኮት መክፈቱ ያን ያህል ለውጥ አለው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አለው፣ ወንድማችን። ቫይረሱ በሚያስል ብቻ ሳይሆን በሚያወራና በሚተነፍስ ሰው አፍም ይወጣል፤ እንደ ጢስ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ዳገቱን በዝግታ በምትወጣበት ጊዜ ሁሉም የሚስበው አንዱ የተነፈሰውን ነው። አንድ መስኮት በሰፊው ከመክፈት ሁለት በጠባቡ ይሻላል፦ ከፊት በአንተ በኩል 4 ጣት፣ ከኋላ በተቃራኒው ጎን 4 ጣት። አየሩ በሰያፍ ገብቶ ይወጣል፣ ማንም ላይ ቀጥታ አይነፍስም። ለቅሶ ቤት የቅሬው (የዕድሩ) ድንኳን ሲተከልም የሁለት ወገኑ ሸራ ይነሣ፤ ለወዳጃ ዱዓ በተሰበሰባችሁበት ቤት በርና ትይዩው መስኮት ገርበብ ይበሉ። የሚያስል ተሳፋሪ ካለህ አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ማስክ ስጠው።